የልጄ ዓይን ተኝታም አይከደንም፤ «ጠባሳው እስኪረጋ አንድ ዓመት ጠብቂ» ተባልኩ

ወሎዬዋ
ጥቅምት 6፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት

አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። እስከ ዛሬ የሰው አነብ ነበር እንጂ ራሴ ጽፌ አላውቅም።

ልጄ አምስት ዓመቷ ነው። ግንቦት ላይ መብራት በጠፋበት ምሽት የላምባ ኩራዝ ተደፋባት። የለበሰችው የናይለን ቀሚስ ነበር፤ እሳቱ ሲነካው ቀለጠና ገላዋ ላይ ተለጠፈ። ቀኝ ጉንጯ፣ የዓይኗ ዙሪያ፣ አገጯ፣ አንገቷና የደረቷ ላይኛው ክፍል ተቃጠለ። ሰባት ሳምንት ሆስፒታል ተኝተን ቁስሉ ደረቀ፤ አልሐምዱሊላህ ብለን ወደ ቤታችን ገባን። የምንኖረው ከደሴ ወጣ ብሎ ነው።

ችግሩ የመጣው ቁስሉ ከደረቀ በኋላ ነው። የታችኛው የዓይኗ ቆብ በየሳምንቱ ወደ ታች እየተጎተተ አሁን ውስጡ፣ ቀዩ ይታያል። ሌሊት ባትሪ አብርቼ ሳያት፣ እሷ ተኝታ ዓይኗ ግን ነጩ ገጦ ነው። አገጯም ወደ ደረቷ ወርዷል። «ቀና በይ» ስላት ከአንገቷ ሳይሆን ከወገቧ ነው የምትቀናው። የታችኛው ከንፈሯ ስለተገለበጠ ምራቋ ይፈሳል፤ አንገቷ ስር ፎጣ አስርላታለሁ።

ለክትትል ስንሄድ «ጠባሳው ገና ትኩስ ነው፣ እስኪረጋ አንድ ዓመት ይቆይ፣ ከዚያ ለቀዶ ሕክምና ትጻፋለች» አሉኝ። ልጠብቅ? ዓይኗስ እስከዚያ ምን ይሆናል? ቆዳ ከጭኗ ይወሰዳል የሚሉኝም አሉ። ፊቷ እንደ ድሮው ይመለሳል? የምታውቁ ካላችሁ ለአላህ ብላችሁ ንገሩኝ።

ገብሬ ነኝ
ጥቅምት 6

አይዞሽ እህቴ፣ አላህ ይማርልሽ። ግን ሐኪሙ ጠብቂ ካለሽ ጠብቂ። የአክስቴ ልጅ እጁን ተቃጥሎ፣ ቤተሰቡ ቸኩሎ በሦስተኛው ወር ጠባሳውን አስቆረጠው። ከበፊቱ ብሶበት አብጦ ተመለሰ። ስልክ ላይ ከሚጻፍ ምክር ልጅሽን በዓይኑ ያየ ሰው ይሻልሻል።

ሬዚደንቱ
ጥቅምት 6፣ ከሌሊቱ 5 ሰዓት

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርልሽ። አዲስ አበባ የምሠራ የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ሬዚደንት (በሙያው ስፔሻላይዝ እያደረግሁ ያለሁ ሐኪም) ነኝ። ልጅሽን ሳላይ ሁሉን ነገር ልነግርሽ አልችልም። የጻፍሽው ግን ለአንዱ ነገር ይበቃል፤ ለዓይኗ አንድ ዓመት አትጠብቂ። አንድ ሳምንትም አትጠብቂ።

ገብሬ ያልከው እውነት ነው፤ የተሰጣትም ምክር ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ጠባሳ በመጀመሪያዎቹ ወራት ቀይ፣ ወፍራምና የሚያሳክክ ነው፤ ውስጡ ገና እየሠራ ነው። ረግቶ ለመለስለስ ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል ይፈልጋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ለመልክ ብለህ ብትቆርጠው ተቆጥቶ ይመለሳል፤ የአክስትህ ልጅ ላይ የደረሰውም እሱ ይመስለኛል። ይህ ደንብ ግን ሦስት ቦታ ላይ አይሠራም፤ ዓይን፣ አፍና አንገት። መብላት፣ መተንፈስና ማየት ጠባሳው እስኪረጋ አይቆሙም።

ዓይናችን በተከደነ ቁጥር በእንባ ይታጠባል። ሳይከደን ያደረ ዓይን ይደርቃል፣ የደረቀው ይቆስላል፣ ቁስሉ ሲድን ደግሞ ነጭ ጠባሳ ትቶ ብርሃኑን ይጋርዳል። ካመረቀዘ በጥቂት ቀናት ውስጥ ዓይኑ ሊፈስ ይችላል። ዓይናቸው እሳቱን ተርፎ በጠባሳው ምክንያት ማየት ያቆሙ ልጆች አይቻለሁ፤ ለዚህ ነው በዚህ ሰዓት የምጽፍልሽ።

ዛሬ ከመተኛቷ በፊት የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት (ጤና ጣቢያም ፋርማሲም አለ) በዛ አድርገሽ አድርጊላት። ጎዝ ወይም ጥጥ በቀጥታ አትለጥፊበት፤ የማይከደን ዓይን ከጎዙ ጋር እየተፋተገ ይቆስላል። ጠዋት ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ዓይን ክፍል ውሰጃት፣ ለእናንተ ቅርቡ እሱ ነው። ዓይኗ ከቀላ፣ ብርሃን ከሸሸች ወይም ጥቁሩ ላይ ነጭ ነጥብ ካየሽ ግን ጠዋትን አትጠብቂ።

ሌላው፣ ሪፈር ወረቀቱ ላይ «የቃጠሎ ጠባሳ» ብቻ ተብሎ እንዳይጻፍ። በዚህ ቃል ብቻ የመጣ ልጅ ረጅሙ ወረፋ ውስጥ ይገባል። «ዓይኗ አይከደንም፣ ብሌኗ ተጋልጧል» ተብሎ ይጻፍ፤ ወረቀቱን የሚያነበውን ሐኪም ከወንበሩ የሚያስነሳው ያ ነው። አዲስ አበባ ላይ ይህን ሥራ የሚሠሩት የካቲት 12፣ አለርትና አቤት ሆስፒታል ናቸው። አለርት እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው ለሥጋ ደዌ ነው፤ ሥጋ ደዌ ነርቭ ሲጎዳ ዓይን አልከደን ይላል፣ ስለዚህ ዘነበወርቅ ባለው የአለርት ግቢ ውስጥ የማይከደን ዓይን የቆየ ጠላት ነው። የልጅሽ ከነርቭ ሳይሆን ከቆዳ ማጠር የመጣ ስለሆነ ሕክምናው ይለያል።

መምህርቷ ከአዳማ
ጥቅምት 7

እናትዬ፣ ሌሊቱን ሳነበው እንቅልፍ አልወሰደኝም። እኔ ራሴ ያቺ ልጅ ነበርኩ።

ሦስት ዓመቴ ላይ ምድጃ ውስጥ በፊቴ ወደቅሁ። እናቴ መጀመሪያ ቅቤ፣ ቀጥላ የቡና ዱቄት አደረገችበት፤ የሰፈሩ ሰው የሚያውቀው እሱን ነበር። የሚገባው ግን ንጹሕ የሚወርድ ውሃ ለ20 ደቂቃ ነበር፤ ይህን ያወቅሁት አድጌ ነው። ጠበልም ወስዳኛለች፣ ዛሬም እሄዳለሁ። ሐኪም ጋ ለመሄድ ግን አራት ዓመት ዘገየን።

በእነዚያ አራት ዓመታት የታችኛው ከንፈሬ አገጬ ላይ ተጣብቆ ቀረ። የኔታ ዘንድ ፊደል ስቆጥር ሀ፣ ለ፣ ሐ ብዬ መ ላይ እቆማለሁ። መ ሁለቱ ከንፈሮች ካልገጠሙ አይወጣም፤ በ ም እንደዚሁ። ልጆቹ ይስቃሉ፣ የኔታ አልፈው ወደ ሠ ይወስዱኛል። ስሜ ውስጥም መ አለበት።

ሰባት ዓመቴ ላይ የመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ። መልኬ ብዙም አልተለወጠም፣ እንዲያውም ጎረቤቶች «ምኑ ነው የተሠራላት?» ብለዋል። ከንፈሬ ግን ገጠመ። ከሆስፒታል ወጥቼ የኔታ ፊት መጀመሪያ የቆጠርኩት ያንኑ ረድፍ ነው፤ መ ሙ ሚ ማ ሜ ም ሞ። ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ።

እስከ 19 ዓመቴ ዘጠኝ ጊዜ ተሠርቻለሁ። ይህን የምነግርሽ ላስፈራሽ አይደለም። «አንድ ጊዜ ተሠርታ ትድናለች» ብለሽ ከሄድሽ ሁለተኛው ቀጠሮ ላይ ልብሽ ይሰበራል፣ ያንቺ ልብ ሲሰበር ደግሞ እሷ ታያለች። እናቴ ሰው ሲመጣ ሻሽ ታለብሰኝ ነበር። ከፍቅር እንደሆነ ዛሬ ይገባኛል። ያኔ የገባኝ ግን ፊቴ የሚደበቅ ነገር መሆኑ ነው።

ወሎዬዋ
ጥቅምት 8

ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ። ዶክተር፣ እንዳሉኝ ቅባቱን አድርጌላት አደረች፤ በነጋታው ቦሩ ሜዳ ወሰድኳት። ቢጫ ነገር ጠብ አደረጉባትና በሰማያዊ መብራት አዩት። ብሌኗ ላይ፣ ወደ ታችኛው ጥግ፣ አረንጓዴ ሆኖ የሚያበራ ጭረት ወጣ። እኔንም አሳዩኝ። «ገና ላይ ላዩን ነው፣ ይድናል፣ ቆቡ ካልተሠራ ግን ይመለሳል» አሉኝ። ጠብታም ቅባትም ሰጡኝ። ሪፈሩን እርስዎ እንዳሉት ጽፈውልኛል፤ ሳልነግራቸው ራሳቸው ናቸው የጻፉት።

መምህርት፣ ያንቺን ለባሌ አነበብኩለት። ሻሹን ዛሬ አወለቅኩላት።

አሁን የምጠይቀው፣ እዚያ ስንደርስ ምን ነው የሚያደርጓት? ቆዳውን ከየት ነው የሚቆርጡት?

ሬዚደንቱ
ጥቅምት 8

እሰይ፣ ጎበዝ እናት። የሚሠራላትን የሚወስነው የሚያያት ቡድን ነው፤ በተለምዶ የሚሆነውን ግን እነግርሻለሁ።

ከአንገቷ እጀምራለሁ። አንገቷ ካልተቃና ሰመመን ሰጪው ጉሮሮዋን አይቶ የመተንፈሻ ቱቦ ማስገባት ይቸግረዋል። ይህ ከቀዶ ሕክምናው ራሱ የሚከብድበት ጊዜ አለ። አንዱ መንገድ መጀመሪያ ኬታሚን በሚባል ማደንዘዣ ማስተኛት ነው፤ ራሷ እየተነፈሰች ጠባሳው ይቆረጣል፣ አንገቷ ሲከፈት ቱቦው ይገባል። አንገት ሲለቀቅ ከንፈሩም የዓይኑ ቆብም ትንሽ ይመለሳሉ፤ ፊቷን ወደ ታች ከሚጎትተው ግማሹ እዚያ ነውና።

ጠባሳው ሲቆረጥ የሚሆነውን ቤተሰብ ስለማያይ አይረዳውም። ከውጭ ሁለት ጣት የማይሞላ የሚመስል ጠባሳ ሲለቀቅ ጫፎቹ ይሸሻሉ፤ የአዋቂ መዳፍ የሚያህል ባዶ ቦታ ይቀራል። ያ ባዶ ቦታ እሳቱ የወሰደው ቆዳ ልክ ነው። ሰፍተን እንዝጋው ብንል መልሰን መጎተታችን ነው፤ ስለዚህ ቆዳ ይተከልበታል።

ቆዳው ሁለት ዓይነት ነው። ከጭን ላይ በስሱ የሚላጥ አለ፤ ጭኑ በሁለት ሳምንት አካባቢ በራሱ ይሸፈናል፣ የተተከለው ግን ስስ ስለሆነ በኋላ በጣም ይሰበሰባል። ሌላው በሙሉ ውፍረቱ የሚወሰድ ነው፤ የሚሰበሰበው ትንሽ ነው፣ ግን ብዙ አይገኝም፣ የተወሰደበትም ቦታ ተሰፍቶ ይዘጋል። ለታችኛው የዓይን ቆብ የምንመርጠው ይህን ሁለተኛውን ነው፤ ከጆሮ ጀርባ፣ ከክንድ ውስጠኛው ክፍል ወይም ከአንገት አጥንት በላይ። ከብሽሽትም ይወሰዳል፤ ሴት ልጅ ላይ ግን ወደ ውጭ ሸሽቶ መሆን አለበት። አለበለዚያ ስትጎረምስ ፊቷ ላይ ጸጉር ይበቅላል።

የቀለሙን ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ። የጭን ቆዳ ፊት ላይ ሲሆን ጠቁሮ እንደ መጣፊያ ጨርቅ ተለይቶ ይታያል። ከአንገት በላይ የተወሰደ ቆዳ የፊትን ቀለም ይቀርባል፣ ግን ያለው ጥቂት ነው። ስለዚህ ጉንጭን የመሰለ ሰፊ ቦታ ሲሠራ ቁራጭ ቁራጭ እየጠጋገኑ አይሠራም። ጉንጩ እንደ ጉንጭ፣ አገጩ እንደ አገጭ በአንድ ሙሉ ቆዳ ይሸፈንና ስፌቱ ፊት ራሱ ድንበር ባለው ቦታ ላይ ይውላል፤ አፍንጫና ጉንጭ የሚገናኙበት፣ ከንፈርና አገጭ የሚለያዩበት። ዓይን ድንበርን ይቀበላል። ሌላ ገላ ላይ ቆዳውን በስተን እንደ መረብ እንዘረጋዋለን፤ ፊት ላይ አናደርገውም፣ የመረቡ ምልክት ዕድሜ ልክ አይጠፋም።

የተተከለው ቆዳ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የራሱ ደም የለውም፤ ከሥሩ በሚመነጨው ፈሳሽ ነው የሚኖረው። ቀስ በቀስ ትንንሽ ደም ሥሮች ይገናኛሉ። በዚያ መሃል ከተንሸራተተ ወይም ሥሩ ደም ከቋጠረ ይሞታል። ለዚህ ነው በቫዝሊን ጎዝና በጥጥ ተጭኖ በክር የሚታሰረው፤ አምስተኛው ቀን አካባቢ ይፈታል። የዓይን ቆቦቿንም ለጊዜው እርስ በርስ ይሰፏቸው ይሆናል። ስታያት እንዳትደነግጪ፤ ዓይኗ ጠፍቶ አይደለም።

እንደ ድሮው ይመለሳል ወይ ላልሽው፦ አይመለስም። ዓይኗ ይከደናል፣ አፏ ይገጥማል፣ አንገቷ ይቀናል። መልኳም ከዛሬው በብዙ ይሻላል፣ ግን ዓመታት ይወስዳል። ልጅ ታድጋለች፣ ጠባሳ ግን እንደሷ አያድግም፤ ስለዚህ ዛሬ የበቃው ቆዳ በስምንት ዓመቷ ሊያጥር ይችላል። አገጭ ከደረት ጋር ተይዞ ሲከርም የመንጋጋ አጥንትና የጥርስ አሰላለፍም ይጣመማል። አንገቷንም አትጠብቂ ያልኩሽ ለዚህ ነው።

ሰባተኛ ዓመት
ጥቅምት 9

ዶክተር፣ የሕክምና ተማሪ ነኝ። የተቃጠለ ቆዳ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ተቆርጦ ወዲያው ቢተከልበት ጠባሳው እንደሚቀንስ ተምረናል። ፊት ላይ ለምን ሳምንታት ይጠበቃል?

ሬዚደንቱ
ጥቅምት 9

ደግ ጥያቄ ነው። የሞተውን ቆዳ በስሱ እየላጡ ወዲያው መትከልን እ.ኤ.አ. በ1970 ለዓለም ያሳወቀችው ስሎቬኒያ፣ ማሪቦር ትሠራ የነበረች ዞራ ያንዤኮቪች የምትባል ሐኪም ናት። ለእጅ፣ ለእግርና ለጀርባ ትልቅ ለውጥ አምጥቷል። ፊት ግን ደሙ ብዙ ነው፣ የጸጉርና የላብ ሥሮቹም ጥልቅ ናቸው፤ ቆዳ ከነዚያ ሥሮች ተነስቶ መልሶ ያድጋል። በሦስተኛው ቀን የሞተ የመሰለን ጉንጭ በ15ኛው ቀን ራሱ ሲሸፈን ታያለህ። ቸኩለህ ብትቆርጥ የሚድነውንም ትጥላለህ፣ ተተክሎ የራሱን የሚስተካከል ቆዳ ደግሞ የለም። ስለዚህ ቁስሉን በንጽሕና እየያዝን ከአሥር ቀን እስከ ሁለት ሳምንት እናያለን፤ በሦስት ሳምንት እንደማይድን የሚያስታውቀው ይተከልበታል። ዓይን ከተጋለጠ ግን በማንኛውም ቀን።

የዓይን ቆብ ሥራም የቆየ ነው። ዋልተር ዮ የሚባል እንግሊዛዊ ባሕርተኛ እ.ኤ.አ. በ1916 በጀትላንድ የባሕር ጦርነት የላይም የታችም ቆቦቹን አጥቶ ነበር፤ በዓመቱ ሃሮልድ ጊሊስ ከራሱ ገላ በተወሰደ ቆዳ ሠራለት። አንቲባዮቲክ በሌለበት ዘመን።

የቨርጂኒያው አባት
ጥቅምት 10

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አሜሪካ ነው። ልጄ ሁለት ዓመቱ ላይ እናቴ ቡና አፍልታ ሳለ ጀበናውን ከረከቦቱ ላይ ጎትቶ ጉንጩንና አንገቱን ተቃጠለ። ቤታችን ቡና ከተፈላ ሁለት ዓመት ሆነው፣ እናቴ አትችልም።

እዚህ የፊቱ ልክ ተወስዶ ጥርት ያለ የፕላስቲክ ጭንብል ተሠራለት። በቀን 23 ሰዓት ያደርገዋል፤ የሚወልቀው ለምግብና ለመታጠብ ነው። ጭንብሉ ጠባሳውን ተጭኖ ይይዘዋል፤ ሲጫን ቆዳው መገርጣቱ በፕላስቲኩ ውስጥ ስለሚታይ ልኩን ያውቃሉ። ልጁ ስለሚያድግ በየጥቂት ሳምንቱ ያስተካክሉታል። የመጀመሪያው ወር ሲኦል ነበር፣ አልዋሽም። አሁን ጭንብሉን ራሱ ያመጣልኛል። በቅርቡ ደግሞ ሌዘር ተጀምሮለታል፤ አንገቱ ላይ ያለው ጠባሳ ሲነካ ለስልሷል።

እህቴ፣ ልጅሽን ወደዚህ ለማምጣት ገንዘብ ማሰባሰብ እንችላለን። ሽራይነርስ የሚባሉ የሕፃናት ሆስፒታሎች ቤተሰቡ መክፈል ቢችልም ባይችልም ያክማሉ። ከልቤ ነው።

ሲስተር ዘ
ጥቅምት 11

ወንድሜ፣ እግዜር ያክብርልኝ፣ ልጅህንም ይማርልህ። ቃጠሎ ክፍል ለ14 ዓመት የሠራሁ ነርስ ነኝ፤ ሐሳቤን በቅንነት ልናገር።

ውጭ የሄዱ ልጆችን ተቀብዬ አስታምሜያለሁ። እዚያ የተሠራላቸው ሥራ የሚያስቀና ነው። ግን አንዳንዶቹ በሁለት ዓመታቸው አንገታቸው መልሶ ተይዞ መጥተዋል፤ ከተመለሱ በኋላ ጠባሳውን የሚያሽላቸው፣ የአንገት መደገፊያውን የሚያስተካክል ሰው ስላልነበረ። የዚህች ልጅ ዓይን ደግሞ ቪዛ አይጠብቅም። አሁን የሚያስፈልጋት እዚሁ ይሠራል። ገንዘብ ካሰባሰባችሁ ለአዲስ አበባ መመላለሻ፣ ለአስታማሚ ማረፊያና ጠባሳ ላይ ለሚደረገው ሲሊኮን ጄል ይሁን። ቤተሰብ ቀጠሮ የሚያቋርጠው በቀዶ ሕክምናው ዋጋ ሳይሆን በመኪና ታሪፍ ነው፤ በዓይኔ ያየሁት ይህን ነው። ለወደፊቱ ጸጉር ላለበት ቦታ ወይም ለጉንጭ ጤነኛ ቆዳን ከሥሩ በሚገባ ፊኛ ነፍቶ ትርፍ ቆዳ ማግኘት ካስፈለጋት ያኔ ሐኪሞቿ ይናገሩ።

አንቺ ደግሞ የኔ እህት፣ ይህን ያዢ። ከመግባታችሁ በፊት እንቁላልና ወተት፣ ካልተገኘ ሽሮና ምስር ደጋግመሽ ስጫት፤ የከሳ ልጅ የተተከለ ቆዳ አይዝለትም። ሳል ወይም ጉንፋን ከያዛት አትደብቂ፤ ቀጠሮው ቢተላለፍም በሰመመን ውስጥ ከመታፈን ይሻላል። የቀዶ ሕክምናው ቀን ጠዋት ምግብ የለም ሲሉሽ የለም ነው። ልጅ ሲያለቅስ አንጀቷ አልችል ብሎ በኩታዋ ስር ዳቦ ያጎረሰች እናት አውቃለሁ፤ ልጁ በሰመመን ውስጥ አስታውኮ ሳንባው ገብቶበት ስንት ቀን ተጨነቅን። ተረፈ፣ እሷ ግን እስከ ዛሬ ራሷን አልማረችም። ውሃ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚፈቀድ ጠይቂ፤ ብዙ ጊዜ ሰመመኑ ሊሰጥ ሁለት ሰዓት እስኪቀረው ድረስ ይቻላል።

ከደብረ ብርሃን
ጥቅምት 13

እኔም ልጠይቅ። ወንድሜ 11 ዓመቱ ነው፣ የሚጥል በሽታ አለበት። እሳት ዳር ጥሎት ፊቱን ተቃጠለ። ሲጥለው ሰው «ይተላለፋል» ብሎ አልነካውም፣ እናቴ ከጓሮ እስክትደርስ። ቀዶ ሕክምና ይሠራለታል?

ሬዚደንቱ
ጥቅምት 13

ይሠራለታል። ግን መጀመሪያ የሚጥለው በሽታ ይያዝ። የበሽታውን መድኃኒት፣ ፌኖባርቢታል፣ ጀምሮ ከሆነ አንድም ቀን አይቋረጥ፣ የቀዶ ሕክምናው ዕለት ጠዋትም ቢሆን፤ ሰመመን ሰጪው በትንሽ ውሃ ያስወስደዋል። ሳይታከም የሠራንለት ፊት ተመልሶ እሳት ላይ ሲወድቅ አይተናል። ምድጃውን ከፍ አድርጉት፣ ዙሪያውን ከልሉት። በሽታውም አይተላለፍም፤ ይህን ለጎረቤቶቻችሁ ንገሩልኝ። ሲጥለው ወዲያው ከእሳቱ ይጎትቱት።

ወሎዬዋ
ኅዳር 12

ጠፍቼባችሁ ነበር፣ አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኝተን ነው። አልሐምዱሊላህ፣ አንገቷና የታችኛው የዓይን ቆቧ በአንድ ቀን ተሠራ። አራት ሰዓት ተኩል ፈጀ። እኔ ኮሪደር ላይ ነበርኩ፣ ጫማዬን አውልቄ እንደነበር እንኳ ያወቅኩት የጽዳት ሠራተኛዋ ስታቀብለኝ ነው።

አምስተኛው ቀን ሲፈታ ገብቼ አየሁ። የተተከለው ቆዳ ጠይም ሳይሆን ወይን ጠጅ መሰለኝ፣ ተበላሸ ብዬ ደነገጥኩ። ዶክተሩ በጣቱ ጫን አድርጎ ሲለቀው ገረጣና መልሶ ቀላ። «ይዟል» አለኝ። አንገቷ ላይ ወደ ቀኝ ጥግ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ጥቁር ሆና ቀርታለች፤ እሷ አልያዘችም፣ በፋሻ ትድናለች ብለዋል።

ባትሪ ማብራቱ ልማድ ሆኖብኝ ትናንት ሌሊት አበራሁባት። ጭፍን አድርጋ ተኝታለች። ብርሃኑ ሲነካት ቆቡን ጭምቅ አደረገችው፣ እንደ ማንኛውም ልጅ። ነርሷ ለምን አትተኚም አለችኝ።

ገብሬ ነኝ
ኅዳር 12

አልሐምዱሊላህ። እህቴ፣ ጠብቂ ብዬሽ ነበር፤ ይቅርታ አድርጊልኝ። የቨርጂኒያው ወንድማችን ያሰባሰበው ላይ የመኪናውን እኔ እሸፍናለሁ፣ ደሴ ደርሳችሁ ደውሉልኝ፣ ቁጥሬን በውስጥ ልኬልሻለሁ።

ወሎዬዋ
ታኅሣሥ 9

አላህ ይስጥልኝ ገብሬ ወንድሜ፣ አንተ ክፉ አልመከርክም። ቤታችን ገብተናል።

ሲስተር፣ አንድ ነገር ቸግሮኛል። የአንገት መደገፊያውን ሌትም ቀንም ለስድስት ወር ታድርግ ብለውኛል። ቀን ትታገሣለች። ሌሊት ግን ስነቃ አውልቃ ግድግዳ ስር ወርውራው አገኘዋለሁ። ብቆጣት አለቀሰች፣ ባልቆጣት አንገቷ ይመለሳል ብዬ እፈራለሁ። ቫዝሊኑንስ በቀን ስንት ጊዜ ልሽላት?

ሲስተር ዘ
ታኅሣሥ 9

አትቆጫት። የሚያሳክካት ሌሊት ነው፤ ትኩስ ጠባሳ ሙቀት ሲያገኝ ይበላል። ለማሳከኩ መድኃኒት እንዲጻፍላት በቀጠሮሽ ጠይቂ፣ ብርድ ልብሱንም ቀለል አድርጊላት። መደገፊያው ስር ስስ የጥጥ ጨርቅ አድርጊ፣ የናይለን አይሁን። መያዣውን ከፊት ወደ ኋላ አዙሪው፤ እጇ እንዳይደርስበት ሁለት ቁልፍ ስፊበት። ስታወልቂው ቆዳው የቀላ ወይም የተላጠ ቦታ ካለ ስልክ አንስተሽ ጠይቂ፣ ዝም ብለሽ አትቀጥዪ።

ማሸቱ ቆዳው ጨርሶ ከተሸፈነ በኋላ ነው፣ ያቺ ጥቁሯ ነጥብ ድና ከሆነ ጀምሪ። በቀን አራት አምስት ጊዜ፣ በአውራ ጣትሽ ጠባሳው እስኪገረጣ ጫን እያልሽ በክብ፣ ለአምስት ደቂቃ። ላዩን መቀባት ብቻ አይጠቅምም። ፀሐይ ላይ ስትወጣ ባርኔጣ አድርጊላት፣ አዲሱ ቆዳ ፀሐይ ካገኘው ይጠቁራል።

ቃጠሎ ክፍል ለልጆች የምናደርገው አንድ ነገርም አለ። ከጨርቅ ትንሽ መደገፊያ ሰፍተን ለአሻንጉሊታቸው እናስራለን። ማታ ማታ መጀመሪያ ለአሻንጉሊቷ እሷ ራሷ ትሰር፣ ከዚያ አንቺ ለእሷ።

ወሎዬዋ
ታኅሣሥ 13

አሻንጉሊት የላትም ሲስተር። ከአሮጌ ነጠላ ቀድጄ ለግልገሏ አሰረችላት። ግልገሏ ሌሊቱን ሙሉ ስትጮህ አደረች፣ እሷ ግን ሳታወልቀው ነጋ። አራተኛ ሌሊታችን ነው። የሚቀጥለው ቀጠሯችን ጥር 20 ነው፤ ስለ ከንፈሯ ያኔ ይነግሩናል።